ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድና የቤተ ክርስቲያን በር

(በእሑድ አምልኮ ላይ ከተሰጠ ስብከት ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ)

ዛሬ ከዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ርእስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ርእሱ ሽጉጥ ነው። አትደንግጡ፤ ፖለቲካ ልሰብክ አልመጣሁም። በመካከላችን ያለ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

ከእኛ መካከል ሽጉጥ በስውር ለመያዝ የሚያስችለውን ፈቃድ ያወጡ ወንድሞች አሉ፤ እኅቶችም አሉ። ማታ ሱቅ የሚዘጉ፣ ሌሊት መኪና የሚነዱ፣ ከፓርኪንግ ሥራ በውድቅት የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ወንጀለኞች አይደሉም። ሥልጠና ወስደው፣ አሻራ ሰጥተው፣ ታሪካቸው ተጣርቶ ነው ያገኙት። ጥያቄያቸውም አጭር ነው፦ ፓስተር፣ ፈቃዱ አለኝ፤ የት የት ይዤ መግባት እችላለሁ? እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዤ ብመጣስ ችግር አለው?

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ሕግ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ግን ሕግ ብቻውን አይመልሰውም፤ እኛ በእግዚአብሔር ፊት ቁጭ ብለን መመለስ አለብን። በቅደም ተከተል እንያቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደጋግሞ ተለዋውጧል። ስለዚህ የምነግራችሁን እንደ መነሻ ውሰዱት እንጂ ኪሳችሁ ውስጥ አስገብታችሁ እንደ መከላከያ አትያዙት። ፈቃድ ያላችሁ፣ ፈቃዱን የሰጣችሁን መሥሪያ ቤት ወይም ጠበቃ ጠይቁ።

ጁን 23 ቀን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከኒውዮርክ በመጣ ክስ ላይ፣ ብሩን ተብሎ የሚታወቀውን ውሳኔ ሰጠ። ሰው ራሱን ለመከላከል ከቤቱ ውጭ ሽጉጥ የመያዝ መብቱ በሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የተጠበቀ ነው አለ። ከዚያ በፊት በሎስ አንጀለስ ፈቃዱን ማግኘት ለተራ ሰው የማይታሰብ ያህል ነበር፤ አመልካቹ በቂና የተለየ ምክንያት እንዳለው ማሳመን ነበረበት። ከውሳኔው በኋላ ይህ መስፈርት ቀረ። ሆኖም ያው ፍርድ ቤት እንደ ትምህርት ቤት፣ እንደ ፍርድ ቤትና እንደ ምርጫ ጣቢያ ባሉ ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎች መከልከል እንደሚቻል ገለጸ። ክርክሩ ያን ጊዜ ዞረ። ጥያቄው ማን ይያዝ የሚለው መሆኑ ቀርቶ የት ይያዝ የሚለው ሆነ።

ካሊፎርኒያ መልስ ሰጠች። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2023 ገዥው ጋቪን ኒውሰም ሴኔት ቢል 2 የተባለውን ሕግ ፈረሙ። ፈቃድ ለሚያወጣ ሰው ዕድሜው 21 እንዲሞላ፣ አዲስ አመልካችም ቢያንስ የ16 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ አዘዘ። ከዚያም ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ ይዞ ሊገባባቸው የማይችሉ ከሃያ በላይ የቦታ ዓይነቶችን ዘረዘረ። ቤተ እምነቶች በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ሽጉጥ መያዝ የሚቻለው የቤቱ ኃላፊ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ይዞ መግባት ይችላል የሚል ምልክት በመግቢያው ላይ በግልጽ ከለጠፈ ብቻ ነው አለ። ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የግል ንግድ ቤቶችም እንዲሁ፤ ባለቤቱ የፈቃድ ምልክት ካልለጠፈ በሩ ዝግ ነው።

ክስ ተከተለ። በዲሴምበር 2023 አንድ የፌዴራል ዳኛ አብዛኞቹን ክልከላዎች አገዱ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2024 ደግሞ ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዝርዝሩን ለሁለት ከፈለው። አንዳንዱ ክልከላ ይጽና አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደታገደ ይቆይ አለ።

በሰፈራችን እንየው። ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ባለው፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ላይ አብረን እንራመድ።

እራት ልትበሉ ምግብ ቤት ገባችሁ እንበል። ቤቱ ቢራ ወይም ወይን እዚያው ለሚጠጣ ሰው ይሸጣል። ፍርድ ቤቱ ይህን ክልከላ አጽንቶታል። እናንተ ባትጠጡም፣ የመጣችሁት ለጾም በያይነቱ ብቻ ቢሆንም፣ ሽጉጥ ይዛችሁ መግባት አትችሉም። ይዞ መጠጣትማ በራሱ ክልክል ነው። ከጎን ያለው በርበሬና እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ግን ሌላ ነው። ምልክት ካልተለጠፈ ዝግ ነው የሚለው ድንጋጌ ታግዷል፤ ስለዚህ ሕጉ ዝም ይላል፤ ባለ ሱቁ ግን አይሆንም የማለት ሙሉ መብት አለው። በጎዳናው የሚያልፈው አውቶቡስ፣ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ በከተማው ፈቃድ የሚደረገው የመስከረም የጎዳና በዓል፤ በእነዚህ ላይ የተጣለው ክልከላም በዚያ ውሳኔ እንደታገደ ቀረ። የልጆች መጫወቻ ሜዳ፣ የከተማ ፓርክ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየምና ስታዲየም ግን ክልክል ሆነው ጸኑ። ስለዚህ በበጋ በፓርክ የምናደርገው የቤተሰብ ሽርሽር ላይ፣ ፈቃድ ያለውም ሰው ሽጉጥ ይዞ መገኘት አይችልም። ትምህርት ቤት ግቢ ክልክል ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤትም፣ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የምትሄዱበትን የኢሚግሬሽን ቢሮ ጨምሮ፣ በሌላ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

ቤተ ክርስቲያንስ? የቤተ እምነቶች ክልከላ ከታገዱት ውስጥ ነው። ይህ ማለት ግን ፍርድ ቤቱ በቤተ ክርስቲያን መታጠቅን አዘዘ ማለት አይደለም። መንግሥት በእናንተ ፈንታ አይወስንም አለ እንጂ። የቤቱ ኃላፊ መከልከል ይችላል። ጉዳዩም እዚያ አላበቃም፤ በኦክቶበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሃዋይን ተመሳሳይ ሕግ፣ በግል ንግድ ቤቶች ላይ ያለውን ክፍል፣ ለመስማት ተቀብሏል። ለዚህ ነው ጠይቁ የምላችሁ።

ሦስት ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም እኛን በተለይ ይነካናል።

አንደኛው፣ የሕግ ዝምታና የባለቤቱ ፈቃድ አንድ አይደሉም። ኡበርና ሊፍት ሾፌሮቻቸው በሥራ ላይ ሽጉጥ እንዳይዙ በራሳቸው ደንብ ይከለክላሉ። ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ የስቴቱ ክልከላ ቢታገድም የመሥሪያ ቤታችሁ ደንብ አልታገደም።

ሁለተኛው፣ ፈቃዱ ድንበር አይሻገርም። ካሊፎርኒያ የሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልም። ለጉባኤ ከዳላስ ወይም ከቨርጂኒያ የሚመጣ እንግዳችን የዚያ ስቴት ፈቃድ ስላለው ብቻ እዚህ መያዝ አይችልም። ጋባዦች ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሦስተኛው እጅግ ከባዱ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ገና ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ የጦር መሣሪያ ሕግን ጥሶ በመያዝ ከተፈረደበት፣ የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ለዜጋው በቅጣት የሚያልፍ ጥፋት ለእኛ ወንድም ቤተሰብ መበተን ሊሆን ይችላል። በቪዛ ያላችሁ ወይም የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ ደግሞ፣ ጠበቃ ሳታማክሩ ሽጉጥ አትንኩ። ዒላማ ተኩስ ለመሞከር እንኳ ሰው ሲጋብዛችሁ መጀመሪያ ጠይቁ።

ሕጉ እስከዚህ ነው። ከበሩ ወዲህ ያለው የእኛ ጉዳይ ነው።

የፍርሃቱ ምክንያት እውነት ነው

ይህን ጥያቄ የሚያነሣውን ሰው እምነት የጎደለው ነው ብዬ አልወቅሰውም። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ጁን 17 ቀን 2015 በቻርልስተን ከተማ፣ አማኑኤል በተባለችው ጥንታዊት የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሊያጠኑ የተሰበሰቡ ሰዎች አንድ እንግዳ ወጣት ተቀበሉ። አብሮአቸው ተቀመጠ። ከዚያ ዘጠኙን ገደላቸው። ሜይ 15 ቀን 2022 ከዚህ ብዙ በማይርቀው በኦሬንጅ ካውንቲ፣ ላጉና ውድስ ውስጥ፣ እንደ እኛው ስደተኛ የሆነ የታይዋን ተወላጆች ጉባኤ ከአምልኮ በኋላ ምሳ እየበላ ሳለ ሌላ ሰው ተኩስ ከፈተ። እነርሱ መሣሪያ አልነበራቸውም። አንድ ሐኪም ተኳሹ ላይ ተወርውሮ ሕይወቱን ሰጠ፤ መጋቢው በወንበር መታው፤ ሌሎች ተረባርበው በኤሌክትሪክ ገመድ አሰሩት። አምስት ሰዎች ቆሰሉ፤ የሞተው ያ ሐኪም ብቻ ነበር።

በሌላ በኩል ዲሴምበር 29 ቀን 2019 በቴክሳስ፣ ዋይት ሴትልመንት በተባለች ከተማ፣ አንድ ታጣቂ በጌታ እራት ሰዓት ተነሥቶ ሁለት ሰዎችን ገደለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የጥበቃ ቡድን አባል የሆነ ሰው በአንድ ጥይት አስቆመው፤ ሁሉ ነገር በስድስት ሰከንድ ያህል አለቀ። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ስንት ሰው ይሞት እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

ግን እነዚህን ታሪኮች ጠጋ ብለን እንያቸው። በዋይት ሴትልመንት ያስቆመው ሰው በኪሱ የደበቀውን ማንም የማያውቅ ምእመን አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምታውቀው፣ የሠለጠነ፣ ያቀናጀችው ጠባቂ ነበር። ከሞቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ራሱ ሽጉጡን ለመምዘዝ ሲሞክር የነበረ የጥበቃ ቡድን አባል ነው። ተኩሱ እንደ ቆመም ሌሎች አባላት ከያሉበት ሽጉጣቸውን መዝዘው ቆመው ይታያሉ። በዚያች ደቂቃ ፖሊስ ቢገባ ማንን ማን ብሎ ይለያል? ጁን 21 ቀን 2021 በኮሎራዶ፣ አርቫዳ ከተማ፣ ፖሊስ የገደለን ታጣቂ በራሱ ሽጉጥ ያስቆመ አንድ ደግ ሰው፣ የታጣቂውን መሣሪያ በእጁ ይዞ ስለ ታየ የደረሰው ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል።

እኛ ደግሞ ጥቁሮች ነን። ይህን ከመድረክ መናገር ደስ አይልም፤ ግን እረኛ ዝም አይልም። ጁላይ 6 ቀን 2016 በሚኒሶታ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ጥቁር ሰው መኪናው በፖሊስ ቆመ። ፈቃድ ነበረው። ሽጉጥ እንደያዘም በትሕትና ለፖሊሱ ነገረው። እጮኛውና ልጅዋ እያዩ ተገደለ፤ ፖሊሱም በ2017 በነጻ ተለቀቀ። ፈቃድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ከመደንገጡ በፊት ያነበው እንደሆነ ዋስትና የለንም።

የዮዳሄ ጦሮችና የጴጥሮስ ሰይፍ

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱልኝ። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 11።

ጎቶልያ የንጉሡን ዘር ለማጥፋት ተነሥታለች። ሕፃኑ ኢዮአስ በእግዚአብሔር ቤት ተሸሽጎ ስድስት ዓመት አድጓል። በሰባተኛው ዓመት ካህኑ ዮዳሄ ሊያነግሠው ተነሣ። በቤተ መቅደሱ ውስጥ መሣሪያ ያስፈልጋል? አዎን፣ በዚያ ቀን ያስፈልግ ነበር። ካህኑ በእግዚአብሔር ቤት ይቀመጡ የነበሩትን የዳዊትን ጦሮችና ጋሻዎች አውጥቶ ለመቶ አለቆቹ ሰጠ። እንግዲህ መሣሪያ በአምልኮ ቤት ደጃፍ ፈጽሞ አይታሰብም የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ ማንበብ አለበት።

ነገር ግን እንዴት እንደሆነ አስተውሉ። መሣሪያውን የሰጠው ካህኑ ነው። የተቀበሉት ሰዎች የታወቁ ናቸው። እያንዳንዱ የሚቆምበት ቦታ ተነግሮታል፤ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት ተወስኗል። አስቀድሞም በእግዚአብሔር ቤት አስምሏቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ጠላታቸው ጎቶልያ ራሷ በመቅደሱ ውስጥ ስትገኝ፣ በእግዚአብሔር ቤት እንዳትገደል አዘዘ። ወደ ውጭ አወጧት። ዮዳሄ መሣሪያ ቢሰጥም ለመሣሪያው ወሰን አበጀለት። እያንዳንዱ የመሰለውን ታጥቆ ይምጣ አላለም።

አሁን ደግሞ ሉቃስ 22። ጌታ በመጨረሻው ማታ ለደቀ መዛሙርቱ ስለ ሰይፍ ተናገረ። ይህን ክፍል መምህራን በብዙ መንገድ ተርጉመውታል፤ ዛሬ ሁሉን አልፈታውም። አንድ ነገር ግን ሁላችንም እናያለን። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ እንዳላቸው ለጌታ አሳዩት። በጌታ ማዕድ ላይ የነበረው ሰይፍ የተቆጠረ ነበር። ጌታ ያውቀዋል፤ አብሮ የተቀመጠውም ወንድም ያውቀዋል። ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሳይጠየቅና መልስ ሳይጠብቅ ሲመዘው ግን ምን ሆነ? የመታው ይሁዳን አልነበረም፤ የካህናት አለቆችንም አይደለም። የባሪያውን የማልኮስን ጆሮ ነው። ቅን ሰው፣ ጌታውን የሚወድ ሰው፣ በድንጋጤ መዝዞ የማይመለከተውን ሰው አቆሰለ። ጌታም በዚያች ሌሊት ያደረገው የመጨረሻ ፈውስ፣ የወዳጁ ሰይፍ ያቆሰለውን መፈወስ ሆነ።

አባቶቻችን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ቃል እንኳ ይቅርታ ይከተለዋል። ጥይት ግን ከወጣ በኋላ ጆሮ የሚመልስ እጅ ከእኛ ጋር የለም።

ችግሩ ስውርነቱ ነው

ከእነዚህ ሁለት ክፍሎች የማገኘውን በግልጽ ልንገራችሁ። ሽጉጥ ያለው ሁሉ ኃጢአተኛ ነው አልልም። በዘጸአት 22 ሕጉ ራሱ፣ ሌሊት ቤት ሰብሮ የገባን ሌባ በመታ ሰው ላይና ፀሐይ ከወጣ በኋላ በገደለ ሰው ላይ የተለያየ ፍርድ ይሰጣል። ራስንና ቤተሰብን መከላከል ቦታ እንዳለው እግዚአብሔር ያውቃል፤ ወሰን እንዳለውም ያውቃል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ በወንድሞች መካከል፣ እነርሱ ሳያውቁና ሳይስማሙ፣ ሽጉጥ ደብቆ መቀመጥ አይገባም። ሕጉ ዝም ቢልም አይገባም።

ለምን? ምክንያቱም ሽጉጡ የአንተ ቢሆንም አደጋው የአንተ ብቻ አይደለም። ከጎንህ የተቀመጠችው እናት፣ ከኋላህ የሚሯሯጠው ሕፃን፣ ስትታቀፈው ጎንህን የሚነካው ሽማግሌ ሁሉም ይካፈሉታል። ሰውን ሳታስፈቅድ በገንዘቡ ላይ ብትወስን ስርቆት ይባላል። ሳታስፈቅድ በሕይወቱ ላይ አደጋ ስታኖርስ?

ከገጠር የመጣችሁ ታውቃላችሁ። ለአባቶቻችን ጠበንጃ የወንድነት ጌጥ፣ የርስት ዋስትና፣ አገር በተወረረ ጊዜም የነጻነት መሣሪያ ነበር። ግን በትከሻ ላይ ነበር። ገበያ ሲወጣ ሁሉ ያየዋል፤ የማን ምንሽር እንደሆነ እንኳ ይታወቃል። ባለ ጠበንጃው እንግዳ ሆኖ ቤት ሲገባ፣ ግድግዳው ላይ ይሰቅለውና እጁን ታጥቦ ወደ ማዕድ ይቀርባል። እዚህ የያዝነው ባህል ሌላ ነው። ሽጉጡ ከኮት በታች ነው፤ ማዕድ ላይም አብሮ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም አያውቅም። አባቶቼ እንዲህ ነበሩ የሚል ወንድም፣ የአባቶቹን ግልጽነት ጭምር ይውረስ።

ሁለተኛው ምክንያት የወንድም ኅሊና ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጣዖት መሥዋዕት ሲጽፍ ያስተማረው፣ የተፈቀደልን ነገር ሁሉ ሌላውን የሚያንጽ እንዳልሆነ ነው። በመካከላችን ከጦርነት የወጡ አሉ። ከትግራይ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከሌላም የመጡ፣ መሣሪያ ያነገበ ሰው በር ሲያንኳኳባቸው ያደሩ አሉ። ርችት ሲተኮስ ልጃቸውን አቅፈው መሬት ላይ የሚተኙ አሉ። እነዚህ እኅቶችና ወንድሞች ከሳምንት ሳምንት የሚያርፉበት አንድ ቤት ቢኖር ይህ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ማን ታጥቆ እንደተቀመጠ እየገመቱ እንዲያመልኩ አንፈልግም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ፣ የአገራችን ቁስል እዚህም ተከትሎን መጥቷል። ባለፉት ዓመታት በዘርና በፖለቲካ ምክንያት ሰላምታ የተነፋፈጉ፣ ከአንድ ጉባኤ ተነሥተው ሁለት የሆኑ አሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ ሲል፣ አንዱ እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድድ፣ ሌላው ምን ያስባል? መተማመን በሳሳበት ቤት የተደበቀ ሽጉጥ፣ ባይተኮስም እንኳ፣ የቀረውን መተማመን ይበላዋል።

ሦስተኛው እንግዳው ነው። በእሑድ መካከል በራችንን ገፍቶ የሚገባ አለ። ልብሱ ያደፈ፣ ከራሱ ጋር የሚያወራ፣ በጎዳናው ላይ የሚያድር ሰው። እንዲህ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሻው ውኃና የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ፣ የፈራና የታጠቀ፣ ማንም ያልመደበው ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሲከት ካየው፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ምን ይወስናል? የቻርልስተን ቅዱሳን እንግዳውን በመቀበላቸው አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ገዳዩ ነው። እኛም በራችንን በጥበብ እንጠብቅ፤ ግን እንግዳ መቀበልን ከቤታችን አናስወጣ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከሽማግሌዎች ጋር የተስማማንበትን ልንገራችሁ።

በዚህ አጥቢያ፣ ከሽማግሌዎች እውቀትና የጽሑፍ ስምምነት ውጭ ማንም ሽጉጥ ይዞ እንዳይገባ እንጠይቃለን። የለጠፍነውም ምልክት ይህንኑ ይላል። ደግሞ አትርሱ፣ እኛ እንደ ብዙዎቹ የስደት አጥቢያዎች በተከራየነው ሕንፃ ነው የምናመልከው፤ የባለቤቱም ቃል መከበር አለበት። ሕንፃው በሳምንቱ ቀናት የሕፃናት መዋያ ወይም ትምህርት ቤት ካለበት፣ የሕጉ መልስ ራሱ ሊለይ ይችላል። ጥበቃ ያስፈልገናል ብለን የምናምንበት ቀን ከመጣ፣ እንደ ዮዳሄ በግልጽ እናደርገዋለን። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቆም፣ ለማን እንደሚታዘዝ ጉባኤው ያውቃል።

ፈቃድ ያላችሁ፣ መጥታችሁ ንገሩን። ልናሳፍራችሁ አይደለም። የሚያስፈራችሁ ነገር ምን እንደሆነ መስማት እንፈልጋለን። ሌሊት ሱቅ ብቻውን የሚዘጋ ወንድም ካለ፣ ምናልባት የሚያስፈልገው አብሮት የሚቆም ሰው ነው፤ ይህን እኛ ማድረግ እንችላለን።

በየቤቱ የምናደርገው ኅብረትም እንደዚያው ነው። ወደ ሰው ቤት ስትሄዱ ባለቤቱን ሳትጠይቁ ይዛችሁ አትግቡ። ከሁሉ የሚሻለው ከቤታችሁ ተቆልፎበት ይቆይ። መኪና ውስጥ መተው ግድ ከሆነም፣ የካሊፎርኒያ ሕግ በተቆለፈው የኋላ ዕቃ መጫኛ (ትራንክ) ውስጥ ወይም በተቆለፈ ሳጥን፣ ከእይታ ውጭ እንዲሆን ያዛል። ወንበር ሥር የተወሸቀ ሽጉጥ የነገው ሌባ ሽጉጥ ነው።

ስለ ቤት ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። የመያዝ ሕግ ስለ ሱቅና ስለ ፓርክ ብዙ ይላል። በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። ብዙዎቻችን የምንፈራው ከውጭ የሚመጣውን ነው፤ ሐዘን ግን በር ሳይሰብር ይገባል። ዘዳግም 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ያዝዛል። ሽጉጥ ያለበት ቤት መከታው ቁልፍ ነው። በቤታችሁ የተጨነቀ ወጣት፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ ደግሞ ቁልፍም አይበቃም፤ መሣሪያው በሕጋዊ መንገድ ከቤቱ ይውጣ። ያ ሰው እናንተው ከሆናችሁ፣ በየትኛውም ሰዓት ደውሉልኝ። 988 ብላችሁም መደወል ትችላላችሁ፤ ሌሊትም ቀንም ሰው አለ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

በመጨረሻም፣ አትያዙ ብሎ ብቻ መሄድ የእረኛ ሥራ አይደለምና፣ ጥበቃውን በጋራ እንሥራው። ሁለት አስተናጋጆች አምልኮ እስኪያልቅ ከበሩ አይለዩም። የልጆች ክፍል ከውስጥ ይቆለፋል፤ ልጅ የሚረከበው ያስረከበው ሰው ነው። 911 የሚደውለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ነርሶቻችን የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚቆም ለሁላችን ያሠለጥኑናል። የላጉና ውድስ ወገኖች ያዳናቸው ወንበርና ገመድ፣ ከዚያም በላይ እርስ በርስ መዋደዳቸው ነበር።

ወንድሜ፣ ፈቃዱ በኪስህ ነው። ሕጉ እስከ በሩ ድረስ አድርሶህ ዝም ብሏል። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅህ እኔ አይደለሁም፤ አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው ነው። እርሱ ቢያውቅ ኖሮ ይስማማ ነበር? መልሱን ካላወቅህ፣ ሳትገባ ጠይቀው።

ጌታ ልባችንን ከፍርሃት ይጠብቅ። ለሽማግሌዎቻችን ጥበብን፣ ሌሊት ለሚሠሩት ጥበቃን፣ ከጦርነት ለወጡት ዕረፍትን ይስጥ። የተባረከ ሳምንት ይሁንላችሁ። አሜን።